እነ

በመዝገቡ ሽፋን ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ብቻ ነበር። ከፊቱ «እነ» የለም። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰዋስው ያስተማርሁ ሰው ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም።

ሞጣ ዳር፣ ከተማው ባህር ዛፉን አልፎ ወደ ገጠሩ በሚሳብበት በኩል፣ አንድ የወል ግጦሽ ነበር። ስልሳ ሦስት ቤት ከብቱን ያሰማራበታል። በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ቀያሾች መጥተው ለከተማው ማስፋፊያ ችካል ተከሉ። ሰዉ በማግስቱ እኔ ግቢ ተሰበሰበ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ፊደል ያውቃሉ፤ እርስዎ ይናገሩልን» አሉኝ። እሺ አልሁ፤ ክሱንም በስሜ አቀረብሁ። ትንሽ ኩራትም ነበረበት፤ አልዋሽም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ የተከሳሽ ነገረ ፈጅ ተነሥቶ መቃወሚያውን አነበበ። ከሳሽ የመንግሥት ጡረተኛ ነው፣ የመሬት ይዞታ ደብተር የለውም፣ በግጦሹ ላይ መብትም ጥቅምም የለውም፣ ለሌሎች እንዲከራከር ውክልና አላቀረበም፣ ጠበቃም አይደለም። አንዱንም ሐሰት ልለው አልቻልሁም። ዳኛው ልጄ የሚሆን ወጣት ነበር።

«አባት፣ መስኩ የእርስዎ ነው?»

«የሁላችን ነው።»

«እሱን አልጠየቅሁም።»

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 በክርክሩ ላይ መብት ወይም ጥቅም የሌለው ሰው ከሳሽ ሊሆን አይችልም ይላል። መዝገቡ ተዘጋ። ስለ ግጦሹ፣ ስለ ችካሉ፣ ስለ ከብቱ አንድ ቃል ሳይነገር።

ራፖር ጸሐፊው ሲስቅብኝ ትዝ ይለኛል። «ጋሼ፣ ወንዙን ቢበክሉት ኖሮ ማንም መንገደኛ መክሰስ ይችል ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የብክለት ቁጥጥር ዓዋጁ፣ ቁጥር 300/1995፣ ጥቅሜ ተነካ ማለትን አይጠይቅም። ሣር ግን ባለቤት ይጠየቅበታል።

ይግባኝ ልል ደብረ ማርቆስ ወረድሁ። አውቶቡሱ በደብረ ወርቅ፣ በቢቸና፣ በደጀን ይዞራል። ቢቸና ላይ ቁርስ ስንበላ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ፈጅ ነበር። የዛሬ ልጆች ነገረ ፈጅ ሲባል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው የሚመስላቸው። በርስት ዘመን ፈጅ ማለት ከአንድ አቅኝ አባት የተወለዱት ሁሉ ስለ መሬታቸው የሚቆምላቸው ሰው ነው። አባቴ በእናትም በአባትም ስምንት ትውልድ ሳይደናቀፍ ይቆጥራል። ሸንጎ ቆሞ «በበቅሎ» ብሎ ሲወራረድ አይቻለሁ። ውክልና አምጣ ያለው አልነበረም፤ ውክልናው ቆጠራው ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ዓዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 255። ጎጃም ግብሩን ብቻ አልፈራም። ገማች የመጣ ዕለት የመሬት መለኪያው ቃላድ ይከተላል፣ ቃላድ የመጣ ዕለት ባለርስቱ ጭሰኛ ይሆናል አለ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። አባቴ ሽማግሌዎች ሆነው አቤት ሊሉ ከሄዱት አንዱ ነበር። የት ድረስ እንደ ሄዱና ማን እንደ መለሳቸው አልጽፍም፤ ሲመለስ ግን አምስት ወር ታስሮ፣ ደረቱ ውስጥ እስከ ሞቱ ያልለቀቀው ሳል ይዞ ነው። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። መንግሥት ጦርም አውሮፕላንም ላከ። አውሮፕላን ሲመጣ እናቴ እኛንም ጥጃዎቹንም አንድ ገደል ሥር ትሰበስባለች። ድምፁ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ዝምታ ከድምፁ ይብስ ነበር። በመጨረሻ የጎጃም እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሹመታቸው ተነሡ፤ ውዝፉም ተማረ። ሰባት ዓመት ሳይቆይ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ የአባቴም ቆጠራ በአንድ ቀን ተረት ሆነ።

አውቶቡስ ውስጥ ለአባቴ ዘመን አለቀስሁለት። ደጀን ሳንደርስ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ከቤታችን በታች የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። አፈር የምትቆፍርበትን ጉድጓድ አንድ ባለርስት ሲያጥርባት አባቴ ዘንድ መጣች። አባቴ ቡና አስጠጣት፣ አዘነላትም። ከዚያ «የማን ልጅ ልበልሽ?» አላት። መቁጠር አትችልም፤ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሙስሊሙ ነጋዴ ርስት የላቸውም። ተነሥታ ሄደች። ወጣቱ ዳኛ እኔን የጠየቀኝና አባቴ እሷን የጠየቃት አንድ ጥያቄ ነው።

ይግባኙም አልሆነም። ሕገ መንግሥቱን ይዤ ነበር የቀረብሁት፤ አንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ፍትሕ መጠየቅ ይችላል ይላል። «በሩ ክፍት ነው» አሉኝ፣ «ወክሎኛል የሚል አንድ ሰው ግን በመዝገቡ ውስጥ የለም።» ያን ጊዜ ነው ቁጥር 38ን ያነበብሁት። አንድ ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሲኖሩ ከመካከላቸው አንዱ ወይም ጥቂቶቹ ስለ ሁሉም መክሰስ ይችላሉ፤ ሁሉም መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ካስረዱ። ሁለት ቃል ነው የገደለኝ፤ «ከመካከላቸው» እና «ሁሉም»።

ሁሉም ማለት ምን እንደሆነ በእግሬ ለካሁት። አራቱ ለሰሊጥ ቀን ሥራ መተማና ሁመራ ወርደዋል። አንዲቱ ዓረብ አገር ናት። ሁለት ቤት የሙት ልጆች ናቸው፤ ሞግዚት መሾም አለበት። አንዱ ባልና ሚስት ተፋተው እሱ እሺ ሲል እሷ እንቢ ትላለች፣ እሷ እሺ ስትል እሱ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከአዲሱ ቦታ ተቆርሶ ሊሰጠው ቃል ተገብቶለታል ይባላል፤ በሩን ሳይከፍት ነው ያነጋገረኝ። ሰባት ወር ፈጀብኝ።

አምሳ ስምንተኛውን የጣት አሻራ በተቀበልሁ ሳምንት ሕዝብ ታነሣሣለህ ተብዬ ታሰርሁ። ዘጠኝ ሌሊት። ሃያ አንድ ሰው በአንድ ክፍል፣ ስንተኛ በጎናችን ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ስም አልጠራም። አልተመታሁም። የሰበረኝ ወረቀቱ ነው፤ ስወጣ ዕቃዬን መለሱልኝ፣ መነጽሬን፣ ቀበቶዬን፣ አሥራ ሰባት ብር። ወረቀቱ የለም። በሦስተኛው ሌሊት መሳል ጀምሬ ነበር፤ ያ ሳል የእኔ ሳይሆን የአባቴ መሰለኝ፣ በጨለማ ውስጥ ዞር ብዬ ፈለግሁት።

እንደገና ያሰባሰብሁት እኔ አይደለሁም። አንዲት እማሆይ ናቸው። ባላቸው ሞተው የመነኮሱ፣ አረንጓዴው የይዞታ ደብተር በስማቸው ያለ፣ ሦስት ላምና አንድ ጊደር ያላቸው፣ ከአንድ መስመር በላይ ማንበብ የማይችሉ። «ልጄ፣ አንተ ጽሑፉን ያዝ፣ እኔ ሰዉን እይዛለሁ» አሉኝ። በሩን ያልከፈተው ሰው ለሳቸው ከፈተ፤ የክርስትና ልጃቸው ነው። በአርባ ቀን ጨረሱት፤ ክሱም እንደገና ገባ።

በኋላ ያነበብሁት ነገር አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ኤዲ ማቦ የሚባል ሰው የደሴቱን ሰዎች መሬት ለማስመለስ ከጥቂት ሰዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰሰ። ራሱ የኔ ነው ያለውን ቁራሽ ግን ማስረጃ የሰማው ዳኛ አልተቀበለለትም። የሕዝቡ መብት በ1992 ጸና፤ ማቦ ከፍርዱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ሞቷል። መዝገቡ ዛሬም በስሙ ነው የሚጠራው። እኔስ ኖሬ አይቻለሁ።

ግጦሹ ግማሹ ሄዷል። ፍርዱ ሲሰጥ ጨረቃ ቤት ሳይቀር ተሠርቶበት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ያስቀረልን ከፈፋው ወዲህ ያለውን ነው። ውኃ የሚተኛበትን። ለላም ይሆናል፣ ለበግ አይሆንም፤ እግሩ ይበሰብሳል።

የሁለተኛው ክስ የመጀመሪያ ቀጠሮ ዕለት ግን ማንም ስለ ፈፋ አላሰበም። ያው ወጣት ዳኛ ነው የተሰየመው። አስተናባሪው መዝገቡን ከፍ አድርጎ «እነ እማሆይ» ብሎ ሲጣራ፣ እሳቸው ከፊት ተነሡ። ከኋላቸው አግዳሚው ሁሉ ተነሣ፣ በሩ ላይ የቆሙትም ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ፋይሉን ጉልበቴ ላይ ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ።