ብስክሌት በአምባሰል ቅኝት

«ርካሽ» ከ«ብላሽ» ጋር ቤት ስለመታ ብቻ ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ መደምደም ለዘፈን ግጥም ይሆን ይሆናል፤ ለብስክሌት ግን አይሆንም። ይህን የምንለው ውድ ብስክሌት ስላለን አይደለም። ከፍሪጅና ከፕላስቲክ ወንበር ጎን ተደርድሮ የሚሸጠውን፣ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ብስክሌት ለሦስት ተዋጥተን የገዛን ወንድማማቾች ስለሆንን ነው።

የገዛነው ደግሞ ለራሳችን አይደለም። ቤተሰባችን ያለው አምባሰል፣ ከግሸን ሥር ነው። ግሸንን የመስከረም 21 ቀን ብቻ የምታውቋት አንባቢዎች የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ፣ ነጠላውን፣ የሕዝቡን ብዛትና አቀበቱን ታስታውሳላችሁ። እኛ ግን ግሸንን ዓመቱን ሙሉ የምናውቃት በጉልበታችን ነው። የሰፈራችን መንገድ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ማሙሽ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሰዓት ብስክሌቱን እየገፋ ይመለሳል። ባሕር ዳር ላይ ፍሬን ቢያስቸግር እግርን መሬት አውርዶ መቆም ይቻል ይሆናል፤ ሜዳ ይቅር ባይ ነው። አምባሰል ግን ይቅር አይልም።

ሻጩ «አሥር ደቂቃ ታገሱኝ፣ እኔ ገጥሜ እሰጣችኋለሁ» ብሎን ነበር። አመስግነን ካርቶኑን እንደታሸገ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንነው። ምክንያታችን ቀላል ነው። ፋብሪካው ብስክሌቱን ጨርሶ አይልክም፤ ግማሹን ሠርቶ ይልካል። ቀሪውን ሥራ የሚጨርሰው የመጨረሻው እጅ ነው። ያ እጅ ደግሞ የቸኮለ እጅ ከሆነ የብስክሌቱ ርካሽነት ያን ጊዜ ብላሽ ይሆናል።

እናም ግቢ ውስጥ ማዳበሪያ ዘርግተን መፍቻችንን ደረደርን። መቼም የኢትዮጵያ መፍቻ ሳጥን ጣልያንኛ ነው የሚናገረው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ግራሶ፣ ፍሬን፣ ጎማ። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱን እንኳ መሰብሰቢያ ጊዜ አላገኘም።

ከፔዳሉ እንጀምር። የቀኙ ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ግን በተቃራኒው ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው፤ እንዲህ የተሠራው ስንነዳ ራሱን እየፈታ እንዳይወጣ ነው። «ኤል» የሚል የላቲን ፊደል ያለበት የግራው፣ «አር» ያለበት የቀኙ ነው። ሁለቱንም መጀመሪያ በጣት ማስገባት ነው፤ በጣት እንቢ ያለን ፔዳል በመፍቻ ማስገደድ ጥርሱን መጨረስ ነው። የፊት ጎማ የሚታሰርበት ሹካም ጎበጥ ያለው ጫፉ ወደ ፊት መሆን አለበት። ወደ ኋላ ዞሮ ተገጥሞ ሲነዳ ያየነው ብስክሌት አንድና ሁለት አይደለም። በኮርቻውና በመሪው ዘንግ ላይ ደግሞ «ከዚህ በላይ አታውጣኝ» የሚል ምልክት አለ፤ ልጁ ቢረዝምም ምልክቱ አይታለፍም።

ቀጥሎ ኩሽኔታው ነው። ጎማውን አውጥተን መሀሉን ዘንግ በጣት ስናዞረው እንደ ወፍጮ አንገራገረ። በርካሽ ብስክሌት ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ ከልክ በላይ ይጠብቃል፣ ግራሶውም ለስሙ ነው። ፈተን ግራሶ ሞላንበትና በልኩ አሰርነው። ልኩ ማለት ዘንጉ ያለ ችግር ይዞራል፣ ወደ ጎን ሲነቀነቅ ግን አይላወስም። በኋለኛው ማርሽ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ብሎኖችም ካቴናው ከጥርሱ አልፎ ሽቦዎቹ ውስጥ እንዳይገባ የሚያግዱ ናቸውና ሳይታዩ አይታለፉም።

አሁን ወደ ቅኝቱ መጣን። ወሎዬ የሆነ ሰው ይህን ክፍል ለማስተማር ጊዜ አይፈጅበትም። ከአራቱ ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአንቺ ሆዬና ከአምባሰል፣ አንዱ የተጠራው በእኛው አገር ስም ነው። የብስክሌት ጎማ ደግሞ ክራር ነው፤ የእኛው 36 ሽቦ አለው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣት ስትነኩ በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ ማውጣት አለባቸው። ከኋላ ጎማ በማርሽ በኩል ያሉት ጠበቅ ስለሚሉ ድምፃቸው ቀጠን ይላል። «ዱብ» ብሎ ዝም የሚለው የረገበ ነው። ቸርኬው የት ላይ እንደተጣመመ ለማወቅ ጎማውን እያዞሩ ከፍሬኑ ላስቲክ ጋር የሚቀራረብበትን ቦታ ማየት ነው። ወደ ቀኝ ካዘነበለ እዚያ ቦታ ላይ ከግራ በኩል የመጣውን ሽቦ ሩብ ዙር ማጥበቅ፣ አዙሮ ማየት፣ እንደገና ሩብ ዙር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስለናል። ከሰዓት በኋላው ሙሉ በዚህ አለቀ።

እማዬ ቡና እያፈላች ስታየን ቆይታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «ልጆቼ፣ የዚህ ፈረስ ልጓሙ የት ነው?» አሳየናት። «እንግዲያው ልጓሙ መያዙን ሳታዩ ልጄን እንዳታስቀምጡብኝ።»

ልክ ነበረች። የፍሬኑ ላስቲክ የሚነክሰው የቸርኬውን ብረት ነው፤ ጎማውን ከነካ ውሎ አድሮ ይበጥሰዋል። የፊት ጫፉ ቀድሞ እንዲነካ ከኋላው ሥር የታጠፈ አሮጌ የሞባይል ካርድ ሸጉጠን አጠበቅነው፤ እንዲህ ሲሆን ጩኸቱ ይቀንሳል። እጀታው እስከ መጨረሻው ሲጨበጥ ከመሪው ጋር መጋጨት የለበትም፤ ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ይቅር። ከዚያ ፈተናው፤ የፊቱን ፍሬን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት መግፋት ነው። ጎማው ከተንሸራተተ ወይም የኋላው ከተነሣ ፍሬኑ ይዟል፤ ጎማው ከዞረ ግን አልያዘም፣ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ለማሙሽም ሕጉን ነገርነው። ቁልቁለት ላይ ሁለቱም ፍሬን አንድ ላይ፣ የሰውነት ክብደት ወደ ኋላ። ዝናብ ሲጥል ደግሞ እርጥብ ቸርኬ ቶሎ አይይዝምና ቀድሞ መጀመር።

ብስክሌት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ላይ ከተወዳደሩት መካከል እነ ገረመው ደንቦባ ብስክሌተኞች ነበሩ። አዲስ አበባም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቷ የብስክሌት መንገድ እየሠራች ነው። መንገዱ ይሠራ፣ እሰየው። ነገር ግን በአዲሱ መንገድ ላይ ፍሬኑ ያልተያዘ ብስክሌት ቢነዳበት አስፋልቱ ልጁን አያድነውም። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብስክሌት ጠጋኞች «ሲሠሩ ጀምሮ ለመበላሸት የተሠሩ» ርካሽ ብስክሌቶች እንዲቆሙ ፊርማ አሰባስበው ነበር። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ፋብሪካው እስኪሰማቸው ድረስ ግን ልጆቻችን ትምህርት ቤት መሄድ አለባቸው፤ እኛ እጅ ላይ ያለው መፍቻው ብቻ ነው።

አዲስ ሽቦ ይለጠጣል፣ አዲስ ብሎን ይላላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሁሉም እንደገና ይቃኛል። ክራርስ ቢሆን አንዴ ተቃኝቶ ይቀራል እንዴ? አሁን ይህን ሥራ የያዘው ማሙሽ ራሱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማውን እየነካ ያዳምጥና ከቅኝት የወጣ ሲያገኝ ስልክ ይደውላል። «ጋሼ፣ ከቫልቩ በስተግራ ሦስተኛዋ ረግባለች። ስንት ላዙራት?»

ሩብ ዙር፣ ማሙሽዬ። ሩብ ዙር ብቻ።