በኤዲንብራ ከተማ መንፈስ ይታይባቸዋል የሚባሉ ቦታዎች

በቀትር ወደ ወንዝ አትውረዱ፤ በምሽትም በፈረሰ ቤት አጠገብ አትለፉ ተብሎ ለልጆች ሲነገር ያልሰማ ሰው በአገራችን አይገኝም። እንዲህ ያለው ፍርሀት ግን የእኛ ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲዋና በሐኪሞቿ ስሟ የተጠራው የስኮትላንድ ርእሰ ከተማ ኤዲንብራ፣ የሙታን መንፈስ ይታይባቸዋል የሚባሉ ቦታዎች የበዙባት ከተማ ናት። እንግዳውም ገንዘቡን ከፍሎ፣ መሪ ተከትሎ፣ በጨለማ ሊፈራ ይሔዳል። እኛም በጉዟችን ከእነዚህ ቦታዎች ሦስቱን ስለ ጐበኘን፣ ያየነውንና የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አሮጌው ከተማ የተሠራው ግንቡ ከቆመበት ከጥቁሩ ዐለት ዠምሮ እስከ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት ቍልቍል በሚወርደው ረጅም ጐዳና ግራና ቀኝ ነው። ቦታው ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ስለ ነበረ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ተሠራ፤ በቤቶቹም መኻከል ጠባብ መተላለፊያዎች ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት በዚያ በኖረች ሜሪ ኪንግ በምትባል ነጋዴ ሴት ስም ይጠራል። በ1753 ዓ.ም. በላዩ ትልቅ የንግድ አዳራሽ መሠራት ሲጀምር የቤቶቹ የላይኛው ክፍል ፈርሶ የታችኛው ለመሠረትነት ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ወደ መተላለፊያው የሚገባው በደረጃ ወደ ምድር ውስጥ በመውረድ ነው።

በዚያ በአንዲት አነስተኛ ክፍል ውስጥ ጐብኚዎች አሻንጉሊት የማኖር ልማድ አላቸው። ምክንያቱም በ1992 ዓ.ም. ከጃፓን የመጣች አንዲት ሴት፣ በወረርሽኝ ጊዜ ከወላጆቿ የተለየች ትንሽ ልጅ መንፈስ አሻንጉሊቷ ጠፍቷት በክፍሉ ስታዝን ተሰማኝ ብላ መናገሯ ነው። በ1645 ዓ.ም. ወረርሽኙ በጸና ጊዜም በሽተኞቹ ከነሕይወታቸው ግንብ ተዘግቶባቸው አለቁ የሚል ወሬ አለ። የታሪክ ሊቃውንት ግን ይህን አይቀበሉትም፤ ከተማው ለታመሙት ምግብ ያቀርብ፣ ሐኪምም ይቀጥር ነበርና። ሐኪሙ ጆርጅ ሬ ይባላል፤ የተቀጠረውም ከእርሱ በፊት የነበረው ሐኪም በዚያው በሽታ ከሞተ በኋላ ነው። እርሱ ግን ከሞት ተረፈ፤ የተስማማበትን ደመወዝ በጠየቀ ጊዜ ከተማው ለብዙ ዓመታት አጕላላው። እኛን ከመንፈሱ ወሬ ይልቅ የነካን የዚህ ሰው ነገር ነው።

ከዚያም በ1788 ዓ.ም. ወደ ተፈጸመው ወደ ደቡብ ድልድይ ሔድን። ድልድዩ 19 ቅስቶች ሲኖሩት ከአንዱ በቀር ሌሎቹ በሕንጻ ተሸፍነዋል። በቅስቶቹ ሥር ያሉት ክፍሎች በመጀመሪያ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችና የነጋዴዎች ነበሩ፤ ውሃ እየሰረገ ባስቸገረ ጊዜ እነርሱ ለቀው ወጡ፤ መጠጊያ ያጡ ድኾች ገቡባቸው። መሪያችን መብራቱን ባጠፋው ጊዜ ከእኛ መኻከል ብርዱ ወደ ዐጥንቱ ያልዘለቀ አልነበረም። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሪቻርድ ዋይዝማን በ2001 ዓ.ም. በጎ ፈቃደኞችን በእነዚህ ክፍሎች እያስገባ መርምሯል። እንግዳ ነገር ተሰማን የሚሉት የበዙት መንፈስ አለባቸው በሚባሉት ክፍሎች ነበር፤ እርሱ ግን ምክንያቱን ከክፍሎቹ ስፋትና ከብርሃናቸው ሁኔታ ጋር አያያዘው።

ሦስተኛው ቦታ የግሬይፍራያርስ መካነ መቃብር ነው። በ1679 ዓ.ም. ንጉሡ በአምልኮታችን ሥርዐት አይግባብን ብለው የተነሡ ስኮትላንዳውያን በቦትዌል ድልድይ ድል በሆኑ ጊዜ፣ ከ1,000 የሚበልጡ ምርኮኞች ወደዚህ ተነድተው ከመቃብሩ አጠገብ ባለ ጣራ በሌለው ሜዳ ታሰሩ። ከእነርሱ የሞተው ሞቶ፣ ቃል ገብቶ የተለቀቀውም ተለቅቆ፣ የቀሩት 257 ያህል ሰዎች ወደ ባሕር ማዶ ሊጋዙ በመርከብ ተጫኑ፤ መርከቡም በኦርክኒ ደሴቶች አጠገብ ተሰብሮ አብዛኞቹ ሰጠሙ። ወገኖቻቸውን በጽኑ ያሳደደው የንጉሡ ዐቃቤ ሕግ ጆርጅ ማኬንዚ በ1691 ዓ.ም. ሞቶ በዚያው መካነ መቃብር ተቀበረ። ማኬንዚ በመቃብሩ ዕረፍት የለውም ይባላል፤ ከጐብኚዎችም ተገፋን፣ ተቧጠጥን የሚሉ አሉ።

በዚሁ ስፍራ የብረት ፍርግርግ የተደፋባቸው መቃብሮች አየን። መንፈሱ እንዳይወጣ የታሰረ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የአካል ትምህርት መምህራን ሬሳ ይገዙ ስለ ነበረ ሌቦች በሌሊት መቃብር ይቈፍሩ ነበር፤ ብረቱም የተሠራው ሬሳውን ከሌባ ለመጠበቅ ነው። በርክና ሄር የሚባሉ ሁለት ሰዎችማ በ1828 ዓ.ም. 16 ሰዎች ገድለው ሬሳቸውን ሸጡ። እንግዲህ በኤዲንብራ ሕያው ሙትን ከሚፈራው ይልቅ፣ ሙት ሕያውን የሚፈራበት ምክንያት ነበረው።

ተረስቶ በጨለማ የኖረ የእኛም ነገር በዚች ከተማ ነበረ። በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ የተዘረፈ አንድ ታቦት በኤዲንብራ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በ2001 ዓ.ም. ተገኘ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎችም ምንነቱን በተረዱ ጊዜ በ2002 ዓ.ም. መለሱት፤ አዲስ አበባ ሲገባም ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው።

መንፈስ አለባቸው በተባሉት ቦታዎች ሁሉ ከወሬው ሥር ያገኘነው የተበደለ ሰው ነው፤ ዋጋውን የተነፈገ ሐኪም፣ መጠጊያ ያጣ ድኻ፣ በሜዳ የታሰረ ምርኮኛ። ፍርሀቱ የሚያዝናና ስለ ሆነ በደሉን ይሸፍነዋል። ልጆቻችንም ይህ ቦታ ያስፈራል ሲባል በሰሙ ጊዜ፣ በዚህ ምን ይታያል ከማለት አስቀድመው፣ በዚህ በማን ላይ ምን ተደረገ ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ለሞቱት በጸሎት መታሰቢያ ማድረግ፣ የተወሰደውንም ለባለቤቱ መመለስ የሕያዋን ፈንታ ነውና።