«ንጹህ ነው» ተባሉ

እማማ ዛሬ ከሆስፒታል ወጡ! በጸሎት ላሰባችኋቸው ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። የዋጧት የቆሮሶ ዓሣ እሾህ ወጥታለች። የተገኘችው ግን ጉሮሯቸው ውስጥ አይደለም። የምግብ ቧንቧውን በስታ ወጥታ፣ አንገታቸው ሥጋ ውስጥ፣ ታይሮይድ እጢው ጥግ ተሸሽጋ ነው።

የተዋጠ ነገር በሰውነት ውስጥ ይጓዛል ስላችሁ ተረት እንዳይመስላችሁ። ከተዋጠ ባዕድ ነገር ከ80 እስከ 90 በመቶው ያለ ሕክምና በራሱ ይወጣል። ሹል ከሆነ ግን ሌላ ነው። በዋጥን ቁጥር ጡንቻው ይገፋዋል፣ እሱም ይሄዳል። ወደ አንገት የሚወጣ አለ። ጨጓራን በስቶ ጉበት ላይ መግል የሚቋጥር አለ። ክፉው ደግሞ ትልቁን የደም ሥር የሚያገኘው ነው።

መጀመሪያ በሄዱበት ቦታ ኤክስሬይ ተነሡ፣ «ንጹህ ነው» ተባሉ። ኢንዶስኮፒ ታዩ፣ እሱም ንጹህ። «ስትወርድ ቧጭራዎት ነው» ተብለው ማስታገሻ ይዘው ተመለሱ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው! የዓሣ እሾህ በተራ ኤክስሬይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ኢንዶስኮፒም የሚያየው የቧንቧውን ውስጥ ነው፤ ጥሎ የወጣውን ከየት ያምጣው? እማማ «አለች፣ ትወጋኛለች» እያሉ ነበር። እናት አመመኝ ስትል ማመን ምን ይከብዳል?

ስለ ሹል ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ስፒሉን በከንፈሯ ደርድራ ትሰፋለች፣ እንደደረደረች ትቆጣናለች፣ እንደደረደረች ከደንበኛ ጋር ዋጋ ትከራከራለች። ተከራክራም ታሸንፋለች! እኛ ልጆቹ ማን ያስቃታል ብለን እንወራረድ ነበር። ደግነቱ የሚያስቃት ጠፋ። ዛሬ ሳስበው ግን ይዘገንነኛል። ስፒል ብረት ስለሆነ ኤክስሬይ ላይ ይታያል፤ ቢታይም ታዲያ መዋጥ መዋጥ ነው፣ አንዳንዴም ወደ ሳንባ ይገባል። ልብስ የምትሰፉ፣ ሂጃብ የምታስሩ እህቶቼ፣ በናታችሁ ስፒል በአፋችሁ አትያዙ። አክስቴ ሆይ፣ ይሄን የምታነቢ ከሆነ ላንቺም ነው።

እና እሾህ ሲሰነቀር «ደረቅ እንጀራ ሳታላምጥ ዋጥ፣ ሙዝ ዋጥ» የምትሉ፣ ፍቅራችሁ ይገባኛል፤ እሾኋን ግን ወደ ውስጥ የምትገፉት እናንተ ናችሁ። ሹል ነገር ከተዋጠ በ24 ሰዓት ውስጥ በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት፤ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ ደግሞ ቶሎ። ሕመሙ ቦታ ከቀየረ «ዳንኩ» አትበሉ። ኤክስሬይም ኢንዶስኮፒም ንጹህ ብሎ ሕመሙ ካልለቀቀ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አንገት ካበጠ፣ «ሲቲ ስካንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእማማን እሾህ ያሳየው እሱ ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ለልቅሶ የሚዋጣው ገንዘብ ቀደም ብሎ ለዚህ ይዋጣ።

ደረቅ እንጀራውን ግን ተዉት። ተዉት በቃ።