ትንኝ የበላችው ኮፈን

ዛሬ ፖለቲካ የለም። የማወራችሁ ስለ ትንኝ ነው። አትሳቁ፣ ትንኝ ገንዘቤን በልታብኛለች።

ባለፈው ወር ኮሮላዬን ልሸጥ ነበር። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስለሆነ የመመዝገቢያው ራንድ አስጨንቆኛል። ጄፒ ሱቅ ያለው አንድ ያገራችን ልጅ ሊያያት መጣ። ሞተሩን አዳመጠ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ወደዳት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ኮፈኑን ከፀሐይ አንጻር አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ተገጭታ ነው እንዴ የተቀባችው?»

«ኧረ በጭራሽ! የፋብሪካ ቀለሟ ነው።»

«ታዲያ ኮፈኑ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጭጋግ የለበሰው?»

ምን ልበለው? «ሜካኒካል ኢንጂነሩ በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ፈትጎት ነው» ልበል? ዝም አልኩ። «እስቲ ላስብበት» ብሎ ሄደ። የሐበሻ «እስቲ ላስብበት» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርባን ውስጥ የአንድ ወዳጃችን ወንድም አርፎ ከዕድራችን አራት ሰው ጭኜ ሄድኩ። ከጆበርግ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀብር ውለን ማታውኑ ተመለስን። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። እዚህ ታኅሣሥ ሙቀቱና ዝናቡ አንድ ላይ የሚመጣበት፣ ነፍሳቱ የሚፈለፈሉበት ጊዜ ነው። ሃሪስሚዝን አልፈን የፍሪ ስቴት እርሻዎች መሃል ስንገባ መብራታችንን አይተው እንደ በረዶ ይወርዱብን ጀመር።

ቤት የደረስኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ሲነጋ ሥራ ገባሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ሳላጥባት በፀሐይ ዞርኩ። ጆበርግ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ፀሐይዋ እንደ አዲስ አበባዋ ቀላል መስላ ታቃጥላለች። በአራተኛው ቀን ብነካው ሲሚንቶ ሆኗል። ተናድጄ ከማዕድ ቤት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ስፖንጅ አምጥቼ፣ በአረንጓዴው ሻካራ ፊት ፈተግኩት። ለቀቀ! ደስ አለኝ። ውኃ ስደፋበት ግን ደነገጥኩ። ጣሪያው ላይ ውኃው እንደ ጤዛ እየተንከባለለ ሲወርድ፣ ኮፈኑ ላይ እንደ አንሶላ ተዘረጋ። ሰሙ የለም። ሲደርቅ ደግሞ ጭረቱ እንደ ሸረሪት ድር ወጣ።

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ያንን ቴፍሎን መጥበሻ በሽቦ ብፈትገው ቤቱን በጩኸት ታፈርሰው የለም? ሽሮ ያረረበትን ድስት ማን በደረቁ ይፍቃል? ውኃ ሞልተህ ታሳድረዋለህ እንጂ!»

አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ ስምንት ዓመት ፋብሪካ ሠርቼ፣ መልሱ ድስት ውስጥ ተገኘ።

አሁን ኢንጂነሩ ይናገር። የመኪና ቀለም ድርብርብ ነው፦ ከሥር ፕራይመር፣ ከላዩ ቀለሙ፣ ከቀለሙ በላይ ክሊር። ክሊሩ የሚሊ ሜትር ሃያኛ ያህል ነው፤ ከራስ ፀጉር አይወፍርም። ሰሙ ደግሞ ከዚያ በላይ የሚቀባ ስስ ልብስ ነው። የነፍሳት ፈሳሽ ፕሮቲን አለው፤ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እንቁላል ይረጋል፣ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቶሎ ካልተነሳ ክሊሩን ይነድለዋል። የዕቃ ሳሙና የተሠራው ቅባት ለመንቀል ስለሆነ ትንኟን ከሰሙ ለይቶ አያውቅም። እኛ ከሰሙ ይልቅ ወርቁን የምንፈልግ ሕዝብ ነን፤ መኪና ላይ ግን ሰሙ ከሄደ ወርቁም ይከተላል።

ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ገና ሰሞን፣ አንበጣ ምሥራቁን በወረረበት ጊዜ፣ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 መንጋ ውስጥ ገብቶ የፊት መስታወቱ ተሸፈነ። አብራሪው በመስታወት መጥረጊያው ቢሞክርም አልጠራ ስላለው ድሬዳዋን ትቶ አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። እንግዲህ የቦይንግ መጥረጊያ ያልቻለውን በጨርቅና በንዴት አይሞከርም።

የሚሠራው ይህ ነው። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ እጠቡት። መኪናው ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ኮፈኑም ይቀዝቅዝ። መጀመሪያ አቧራውን በውኃ አውርዱ። ከዚያ አሮጌ ፎጣ የመኪና ሻምፖ በገባበት ለብ ያለ ውኃ ነክራችሁ አልብሱት። አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ እንዳይደርቅ ውኃ ጨምሩበት። ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ሳትጫኑ ጥረጉ፤ ጨርቁ ሲቆሽሽ ገልብጡት። እምቢ ካለ ፎጣውን መልሱ እንጂ ጉልበት አትጨምሩ። የትንኝ ማስለቀቂያ ከገዛችሁም ሰም የማይነካ የሚል ይሁን፤ ላዩ ላይ አታድርቁት። ቤንዚንና ቲነር አይታሰብም፤ የፊት መብራቱንም ያበላሻል። ላቫጆ ስትሰጡም ልጁ ምን እንደያዘ እዩ። በመጨረሻ ውኃ ደፍታችሁ ተመልከቱ፦ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፤ ከተዘረጋ አልቋልና ቀቡት።

እኔ ኮፈኑን ለቀለም ቀቢ አሳየሁት። በማሽን ፖሊሽ ይወለወላል፣ ነገር ግን በተወለወለ ቁጥር ክሊሩ ይሳሳል አለኝ። አንዴ አስወለወልኩ። ጭጋጉ ቀነሰ፤ ትንኟ የነደለቻቸው ሁለት ነጥቦች ግን እስካሁን አሉ። የልጄን መመዝገቢያ ዕቁብተኞቼን ለምኜ፣ ዕጣውን አስቀድመውልኝ ከፈልኩ። እግዜር ይስጣቸው። መኪናዋም እኔው ዘንድ ቀረች።

ትናንት ከፖሎክዋኔ ስመለስ ኮፈኑ እንደገና ትንኝ ለብሶ ነበር። ባለቤቴ ቡና አቅርባለች። ፎጣውን ነክሬ አለበስኩትና ገብቼ አቦሉን ጠጣሁ። ቶናው ሳይቀርብ ወጥቼ ፎጣውን ሳነሳ፣ ትንኟ ራሷ ተከትላው መጣች።

መንገዳችሁ ሰላም ይሁን።