መስኮቱን በከፈትሁ ቁጥር

የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የሲሪያል መስመር ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ብልሽቱ በግልጽ ይታያል። ኮምፖስት የገባበትና ያልገባበት አፈር በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርቅ ለማጥናት በአርዱይኖ ኡኖ የእርጥበት መመዝገቢያ ስሠራ ይህንን አይቻለሁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ሰሌዳውን ጨርሶ አላወቀውም፤ ገመዱ ስልክ ለመሙላት ብቻ የተሠራ፣ የመረጃ ሽቦ የሌለው ነበር። ገመዱን ስቀይር የማይነበቡ ምልክቶች መጡ፤ ፕሮግራሙ በሴኮንድ 115200 ቢት ሲልክ የመቀበያው መስኮት በ9600 ላይ ነበር። ሁለቱን እኩል ሳደርግ ቁጥሮቹ ጠርተው ታዩ። ችግሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያበቃ መሰለኝ።

የከፋው የመጣው ግንኙነቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። ሰሌዳው በራሱ የኃይል ምንጭ እየሠራ በየሰዓቱ ለክቶ በማስታወሻ ካርድ ላይ ይመዘግባል። ሥራ ሲጀምር ያገኘውን ንባብ «እርጥብ አፈር» ብሎ ይይዝና ከዚያ ያለውን ልዩነት ብቻ ይጽፋል። እኔም በየማለዳው ላፕቶፔን አገናኝቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ መሥራቱን አረጋግጥ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ የየቀኑን አማካይ ሳወጣ ኮምፖስት የገባበት አፈር እርጥበቱን እንደያዘ አገኘሁ። የጠበቅሁት ውጤት ስለነበር ለአማካሪዬ የማሳየውን ግራፍ ወዲያው አዘጋጀሁ።

ጥርጣሬ ያሳደረብኝ ኮምፖስት ያልገባበት ማነጻጸሪያ ማሰሮ ነው፤ በመረጃው መሠረት እርሱም አልደረቀም። ማሰሮዎቹን በሚዛን ስመዝናቸው ግን ሁሉም ቀልለዋል። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር አንድ ቃል እንዲጽፍ አድርጌ መስኮቱን ከፈትሁ፤ ቃሉ ታየ። ዘግቼ ደግሜ ከፈትሁ፤ አሁንም ታየ።

ሰሌዳው አልተበላሸም ነበር። ኮምፒውተሩ ፖርቱን ሲከፍት ዲቲአር በተባለው መስመር ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ለውጡም በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ ሪሴት ፒን ደርሶ ሰሌዳውን እንደ አዲስ ያስነሣዋል። እንዲህ የተሠራው ቁልፍ መጫን ሳያስፈልግ አዲስ ፕሮግራም ለመጫን እንዲቻል ነው። እኔ ግን ደኅንነቱን ባየሁ ቁጥር የደረቀውን አፈር «እርጥብ» አሰኘው ነበር።

በሪሴትና በግራውንድ መካከል የሚገባ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይህን መነሣት ያስቀራል፤ ፕሮግራም ሲጫን ብቻ መነቀል አለበት። ከዚህም ሌላ፣ የመነሻው ንባብ ኃይል ቢቋረጥ በማይጠፋው የሰሌዳው ማህደረ ትውስታ እንዲቀመጥና ጥሬው ንባብም በካርዱ ላይ እንዲጻፍ አደረግሁ። ጥሬው ንባብ ቀድሞ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ሳምንታት ማዳን ይቻል ነበር። አልተቻለም። ግራፉን ሰርዤ የሆነውን ለአማካሪዬ ነገርኋቸው፤ ማሰሮዎቹንም ውኃ አጠጥቼ ሙከራውን እንደገና ጀመርሁ። ካፓሲተሩ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ማለዳ መስኮቱን ስከፍት ያ ቃል አልታየም።