ጌድን ማን አነጣው?

መጽሐፍ ያነበበ ሰው ያንኑ ታሪክ በቴሌቪዥን ሲያየው ቅር የሚለው ነገር አያጣም። አንዱ «ጀግናው እንዲህ አጭር አልነበረም» ይላል፤ ሌላው «የምወደውን ክፍል ዘለሉት» ብሎ ያማርራል። እንዲህ ያለው ቅሬታ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። በወረቀት ላይ የሰፈረ ነገር ሁሉ ወደ ምስል ሊገለበጥ አይችልም፤ ፊልም ሠሪውንም ጊዜና ገንዘብ ይገድበዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የታሪኩ ባለቤት የሆነው ገጸ ባሕርይ ራሱ ስሙን እንደያዘ ሌላ ሰው ሆኖ ብቅ ሲል ነው፤ በተለይም ተመልካቹ ልጅ ሲሆን።

«ፋንታሲ» የሚባለውን የልብ ወለድ ዓይነት የማያውቁ አንባብያን ይኖሩ ይሆናልና በአጭሩ ልግለጸው። ደራሲው በምናቡ አንድ ሙሉ ዓለም ይፈጥራል። ደሴቱን፣ ንጉሡን፣ ወደቡን፣ ቋንቋውን ሁሉ ራሱ ያበጃል። ያ ዓለም በየትኛውም ካርታ ላይ ስለማይገኝ ሰዎቹ ምን እንደሚመስሉ የሚነግረን ደራሲው ብቻ ነው። የአንድ ንጉሥ የሕይወት ታሪክ በፊልም ቢሠራና ቢዛባ ወደ ታሪክ መጻሕፍት ሄደን ማረም እንችላለን። በፋንታሲ ግን ከደራሲው ቃል በቀር ሌላ ምስክር የለም።

አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ለግዊን እ.ኤ.አ. በ1968 «የኧርዝሲ አስማተኛ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመች። ኧርዝሲ በባሕር ላይ የተበተኑ የብዙ ደሴቶች አገር ነው። ጌድ የጎንት ደሴት ልጅ ነው፤ ዓመት ሳይሞላው እናቱ የሞተችበት የፍየል እረኛ። ኦጊዮን የሚባል ሽማግሌ ያስተምረው ዘንድ ይወስደዋል። ኦጊዮን ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ዝናብ ሲይዛቸው ዝናቡን ወደ ሌላ ቦታ ሊመልሰው ሲችል ዝም ብሎ ይመታል። ጌድ ይህ አይገባውም፤ «ኃይል ካለህ ለምን አትጠቀምበትም?» የሚል ልጅ ነው። ትዕቢቱም ከዚያ ይጀምራል። ሮክ ወደሚባለው ትምህርት ቤት ሄዶ ከአንድ ጓደኛው ጋር በፉክክር ተነሣስቶ የማይነካውን ሲነካ አንድ ጥላ ይለቀቃል። ጥላው ፊቱን ቦጭቆ ለዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጠባሳ ይተውለታል፤ የትምህርት ቤቱ የበላይ ሽማግሌ የተከፈተውን ለመዝጋት ሕይወታቸውን ይከፍላሉ። የቀረው ታሪክ ጌድ በመጀመሪያ ከጥላው ሲሸሽ፣ በኋላም ራሱ ሲያሳድደው የሚያሳይ ነው።

(«የአስማተኛ መጽሐፍ ለልጅ ይነበባልን?» ብለው የጠየቁኝ እህቶች ነበሩ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በእኛ ቤት ሲሕር ምን እንደሆነ፣ ተረት ምን እንደሆነ ለይቶ መነጋገር ከመጽሐፉ በፊት የተደረገ ነገር ነው። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን።)

አሁን ወደ መልካቸው ልምጣ። የጎንት ሰዎች የመዳብ ዓይነት ጠይሞች ናቸው፤ ጌድ ቀይ ዳማ ነው ብንል ከቃሏ አንርቅም። የልብ ጓደኛው ቬች ደግሞ ጥቁር ነው። በዚያ ዓለም ነጭ ቆዳና ቢጫ ጸጉር ያላቸው ከምሥራቅ በኩል በመርከብ እየመጡ መንደር የሚያቃጥሉት የካርጋድ ሰዎች ናቸው። ደራሲዋ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አላወጀችም። አንባቢው ጌድን ወዶ፣ ከእርሱ ጋር ፈርቶና ኮርቶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ ነው ነገሩ እግረ መንገዱን የሚነገረው። ሆን ብላ እንዳደረገችው ኋላ ላይ ራሷ ጽፋለች። በአብዛኛው የምድራችን ሕዝብ ነጭ ሳይሆን የፋንታሲ ሰዎች ሁሉ ለምን ነጭ ይሆናሉ የሚል ጥያቄ ነበራት።

በዚያን ዘመን ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቅ ከተማ እንኖር ነበር። ትልቋ ልጄ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ማታ ማታ ከራት በኋላ አንድ አንድ ምዕራፍ ጮክ ብላ ታነብልኝ ነበር። የኦጊዮን መልክ ከተገለጸበት ቦታ ስትደርስ ቆም ብላ፣ «እማዬ፣ ይሄ እኮ አባባን ይመስላል» አለች፤ አገር ቤት ያሉትን አያቷን ማለቷ ነው። አባቴ ዝምተኛ ናቸው፤ ዝናብም አይሸሹም። ልጅቷ ከዚያ በፊት ያነበበቻቸው የዚህ ዓይነት መጻሕፍት ጥቂት አልነበሩም፤ በአንዱም ውስጥ ግን ዘመድ አግኝታ አታውቅም ነበር። ለግዊንም እንዲህ የሚሉ ደብዳቤዎች ይደርሷት እንደነበር፣ ብዙ ባይሆኑም እንደማትረሳቸው ጽፋለች።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 «ሌጀንድ ኦቭ ኧርዝሲ» በሚል ርዕስ ታሪኩ በአንድ የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ተላለፈ። ልጄ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጋበት ስለነበር ፈንዲሻ ተፈልቶ፣ ታናሽ ወንድሟም አጠገቧ ተቀምጦ ተጀመረ። ጌድ ነጭ ነበር። ቬችም ነጭ ነበር። ከዋነኞቹ ሰዎች መካከል ጥቁር ሆኖ የቀረው ኦጊዮን ብቻ ነው፤ እርሱን ታዋቂው ተዋናይ ዳኒ ግሎቨር ይጫወተዋል። ልጄ ትንሽ ዝም ብላ ካየች በኋላ «ጌድ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የትኛው እንደሆነ ጠፍቷት አልነበረም። እኔም ያ ነው ብዬ በጣቴ አሳየኋት፤ ከዚህ ሌላ ምን ማለት ይቻላል? መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ሳይነካ ከመደርደሪያው ላይ ተቀመጠ።

ደራሲዋ ዝም አላለችም። በዚያው ወር «ስሌት» በተባለው መጽሔት ላይ ተቃውሞዋን በግልጽ አወጣች። በውሉ ላይ «አማካሪ» ተብላ ተመዝግባ እንደነበር፣ ይህ ቃል ግን ሠሪዎቹ የሚፈልጉትን ብቻ ማለት ስለሆነ በተግባር ምንም ማለት እንዳልሆነ ገለጸች። ነገሩ ለእርሷ አዲስ አልነበረም፤ በመጽሐፎቿ ሽፋን ላይ ጌድ ነጭ ሆኖ እየተሳለ ለዓመታት ከአሳታሚዎች ጋር ስትከራከር ኖራለች። እርሷ ያን ያህል ስም ይዛ ማስቆም ካልቻለች፣ ስም የሌለው ደራሲ ምን ሊሆን ነው እላለሁ።

አንድ ወዳጃችን «ቀለም ላይ ለምን ትቆሚያለሽ? ታሪኩ ያው አይደለም ወይ?» አለኝ። ያው አልነበረም። እንዲያውም እንደ እኔ እምነት ከቀለሙ የባሰ ለውጥ ተደርጎበታል።

በመጽሐፉ ውስጥ ጌድ ከራሱ ውጭ ዋና ጠላት የለውም። ያሳደደውን ጥላ በመጨረሻ ከሰው በራቀ ባሕር ላይ ያገኘዋል። ጥላው «ጌድ» ብሎ ይጠራዋል፤ ጌድም ጥላውን በዚያው ስም ይጠራዋል፤ በራሱ ስም። አይገድለውም፣ ድልም አያደርገውም። ክፉው ነገር የእርሱው እንደሆነ አውቆ ይቀበለዋል፤ ሙሉ ሰው የሚሆነውም ያን ጊዜ ነው። ልጄ ይህን ምዕራፍ ስታነብልኝ ድምፅዋ ዝግ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። የቴሌቪዥኑ ሠሪዎች ግን ከመጽሐፉ የሌለ አንድ ጨካኝ የካርጋድ ንጉሥ አመጡ። ለዘላለም መኖር የሚፈልግ፣ ሠራዊት የሚያዘምት፣ ጌድን የሚያሳድድ ንጉሥ ነው። ጥላው ከፊልሙ ፈጽሞ አልወጣም፤ ነገር ግን ንጉሥና ጦር በአንድ በኩል ሲቆሙ ጌድ ደግ፣ ንጉሡ ክፉ ሆነና ነገሩ አለቀ። በትዕቢቱ ሰው ያስገደለው ልጅ በጠላት የተበደለ ልጅ ሆነ። ልጆቻችን ጥፋትን ከሌላ ሰው ላይ እንዲፈልጉ የሚያስተምር ፊልም እንደሆነ ሞልቷል፤ ያ መጽሐፍ ግን ከዚያ የተለየ ነበር።

የስሙም ነገር አለ። በኧርዝሲ ሰው ሁለት ስም አለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት እጅግ የሚያምናቸው ብቻ ናቸው፤ ስሙን የያዘ ሰውየውን ይይዘዋልና። በአደባባይ የሚጠራበት ሌላ ነው። ጌድ በአደባባይ የሚጠራው በወፍ ስም፣ ጭልፊት ተብሎ ነው፤ «ጌድ» የሚለው ምሥጢር ነው። የስም ምሥጢር ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንዳይታወቅበት ስሙን የሚሸሽግ በየሰፈሩ ነበር። ፊልሙ ይህን ገለበጠው፤ በአደባባይ ጌድ፣ በምሥጢር ጭልፊት። ለምን? ተመልካቹ ከመጽሐፉ «ጌድ» የሚለውን ስም ስለሚያውቀው ይመስለኛል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ዳሩ ግን ቬች በመከራ ጊዜ እውነተኛ ስሙን ለጌድ የሚሰጥበት ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ስጦታዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ስሙ ርካሽ ከሆነ ወዳጅነቱም ይረክሳል።

ይህ ሁሉ የአንድ ፊልም ጉድለት ብቻ እንዳይመስል ቀረብ ያለ ምሳሌ ልጨምር። ሮበርት ጆርዳን «ዘ ዊል ኦቭ ታይም» የተባለውን ረጅም ተከታታይ ልብ ወለድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከወጣቶቹ አንዱ ፔሪን የአንጥረኛ ደቀ መዝሙር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አሳቡ ዝግተኛ። ጉልበቱ ሌላውን እንዳይጎዳ ከልጅነቱ ጀምሮ መጠንቀቅ የለመደ በመሆኑ ከመናገሩም ከመንቀሳቀሱም በፊት ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2021 ታሪኩ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ፔሪን ባለትዳር ሆነ፤ በመጽሐፉ በዚያን ጊዜ ሚስት አልነበረችውም። በመጀመሪያው ክፍል በውጊያ ግርግር መካከል ሳያውቅ ሚስቱን በገዛ እጁ ይገድላታል። የተሰጠው ምክንያት የውስጥ ትግሉን ቶሎ ለማሳየት የሚል ነው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሰው ዝም ብሎ ሲያስብ ካሜራ ምን ያነሣል? ሆኖም ጠንቃቃነቱ ከጠባዩ የመነጨ የነበረው ወጣት አሁን በጸጸት የተሰበረ ባል ሆነ። ጠንቃቃነት ያለ ሬሳ ሊታይ አይችልም የተባለ ያህል ነው። በዚያ ላይ አንዲት ሴት ለባሏ ጠባይ ማስረጃ እንድትሆን ብቻ ተፈጥራ ሞተች፤ ይህ ልማድ በፊልም ዓለም የበዛ ነው፤ አልወደውም።

ለቴሌቪዥን ሠሪዎች ፍትሕ ለማድረግ፣ ከሁለቱ ለውጦች አንዱ ከሌላው ይለያል። የፔሪን ለውጥ የመጣው ከሥራው ጠባይ ነው፤ ውስጥን ወደ ውጭ ማውጣት ግድ ሆኖባቸው መጥፎ መንገድ መረጡ። የጌድን ቆዳ ለመለወጥ ግን ካሜራው አላስገደደም። ቀይ ዳማ ፊት ከነጭ ፊት ይልቅ ለማንሣት አያስቸግርም። «አሁን አሁን ነጭ የነበረውን ገጸ ባሕርይ ጥቁር ተዋናይ ይጫወተው የለም ወይ?» የሚሉም አሉ። ይጫወተዋል። ነጭ ጀግና የሚያነብ ልጅ ግን አንዱ ቢወሰድበት መቶ ይቀረዋል፤ ልጄ የነበራት አንድ ነው።

ልጄ ኋላ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ቀሪዎቹንም ቅጾች ጨርሳለች፤ ፊልሙንም ከዚያ ወዲያ አላነሣችውም። በእርሷ ዘንድ ጌድ ቀድሞ ተቀርጾ ነበርና ፊልሙ ሊፍቀው አልቻለም። ታናሽ ወንድሟ ግን ያን ምሽት ፊልሙን ሲያይ መጽሐፉን ገና አላነበበም ነበር። ከዓመታት በኋላ ሲያነበው የጌድ መልክ ከተጻፈበት ቦታ ምንም ሳይል አለፈ። ጠይቄው ነበር፤ እንዳነበበው ነገረኝ፤ በዓይነ ሕሊናው የሚመጣው ግን የተዋናዩ ፊት ነው። ቃሉ በገጹ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ሳለ ምስሉ ቀድሞ ስለገባ ቃሉ መቀመጫ አጣ። ከዚህ በኋላ በቤታችን መጽሐፉ ሳያልቅ ፊልሙ አይከፈትም የሚል ደንብ ወጣ፤ ታናናሾቹ እስከ ዛሬ ያጉረመርሙበታል።

ለግዊን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 አረፈች። በዚያው ዓመት የኧርዝሲ መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ትልቅ ጥራዝ ተሰብስበው፣ ሠዓሊው ቻርልስ ቬስ በሕይወት ሳለች ከእርሷ ጋር እየተመካከረ በሣላቸው ሥዕሎች ታጅበው ወጡ። በዚያ ጥራዝ ጌድ ጠይም ነው። አንዱን ገዝቼ አስመጣሁ፤ ክብደቱ የአንድ ሕፃን ያህላል። ልጄ ተቀብላኝ ወደ ክፍሏ ይዛው ገባች። ወንድሟ በተራው ሲያገላብጠው አንዱ ሥዕል ላይ ቆይቶ፣ «ለካ ይሄ ነው» አለና ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀመረ።