አባ የጠየቁኝ

ወጣት ነርስ ሳለሁ ከጋዝጊብላ ለሚመጡ አንድ ስኳር ያለባቸው ቄስ ኢንሱሊን እወጋ ነበር። ያኔ መድኃኒቱ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ይወጣ ነበር። ብልቃጡ ላይ «የአሳማ» የሚለውን ባነብም፣ መርፌውን እንዳይተዉ ፈርቼ ዝም አልኩ። አንድ ቀን «ልጄ፣ ይህ ከምን ይሠራል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ የነፍስ አባቴን እጠይቅ ነበር» አሉ። ጠየቁ፤ መርፌውንም አልተዉም። እኔን ግን ዝምታዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዛሬ ኢንሱሊን በረቂቅ ተሕዋስያን ይመረታል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ግን አሁንም ከአሳማ አንጀት ይገኛል፤ ከአሳማ የሚሠራ የልብ ቫልቭም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ዘረ መሉ የተስተካከለ የአሳማ ልብ የተተከለለት ሰው ሁለት ወር ያህል ኖሯል።

እናትና አባቶች፣ ለልጃችሁ የታዘዘው መድኃኒት ከምን እንደተሠራ ጠይቁ፤ ሐኪም ሳታማክሩ ግን አታቋርጡ።